«እንዲህ ያለ ከብት የለም»

ነገሩ የሆነው በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል በሚገኘው በሙርሲዎች አገር ነው። እንግሊዛዊው የባህል አጥኚ ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደዚያ ይመላለሱ ነበር። ሙርሲዎች ቀለማትን እንዴት ለይተው እንደሚጠሩ ለማወቅ፣ ልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ ካርዶች እያሳዩ ይጠይቋቸዋል። ተጠያቂዎቹም የካርዱን ቀለም በከብት መልክ ስም ይጠሩታል። ከየትኛውም ከብት መልክ ጋር የማይገጥም ካርድ ሲመጣ ግን «እንዲህ ያለ ከብት የለም» ተባባሉ። ተርተን እ.ኤ.አ. በ1980 ላሳተሙት ጥናት ርእስ ያደረጉት ይህንኑ አባባል ነው።

እስቲ አንባቢ ለአንድ አፍታ በአስተማሪ ቦታ ሆኖ ይፍረድ። ጥያቄው ስለ ቀለም ነበር፤ መልሱ ስለ ከብት ሆነ። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ መምህር «ኤክስ» አድርጎበት ያልፋል፤ ክፍሉም ይስቃል። ይሁን እንጂ ስለ መላሹ ጭንቅላት ይህን ያህል የሚነግረን መልስ በቀላሉ አይገኝም። ሰውየው ቀለምን አላጣም። ቀለም በእርሱ ዘንድ የሚኖርበትን ቤት ነው የነገረን። ያ ቤት በረት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው። ተማሪ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ ባዶ ጎተራ ይዞ አይመጣም። እህሉን በዓይነት በዓይነቱ ለይቶ ያስቀመጠበት፣ የራሱ ክፍልፋይ ያለው ጎተራ ይዞ ነው የሚመጣው። መምህሩ ያንን ክፍልፋይ ሳያይ የሚጨምረው እህል አንድም ይፈሳል፣ አንድም ከማይመስለው ጋር ይደባለቃል።

የሃና አካባቢ ሰዎች የከብት መዝገብ

ሃና የሰላማጎ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከጂንካ ተነስቶ የማጎን ሸለቆ ያቋረጠ መንገደኛ ይደርስባታል። በዙሪያዋ ቦዲዎች፣ ወደ ደቡብ ሙርሲዎች ይኖራሉ። ዲሜዎች፣ ባጫዎችና በሰፈራ የመጡ ኮንሶዎችም የወረዳው ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካትሱዮሺ ፉኩይ የተባሉ ጃፓናዊ ምሁር ቦዲዎች ዘንድ ተቀምጠው ያጠኑት ነገር፣ የከብት ቀለምና ዥጉርጉርነት በሰዎቹ አእምሮ ውስጥ ያለውን ሥፍራ ነበር። ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓንኛ በመጽሐፍ አወጡት።

ፉኩይ ያገኙት ነገር ከተሜውን አንባቢ ያስደንቃል። ቦዲ ቀለምን በከብት ይጠራል። ሆሊ ነጭ፣ ኮሮ ጥቁር፣ ጎሎኚ ቀይ ነው። ከቀለሙ በላይ ደግሞ ዥጉርጉርነቱ፣ ማለት ነጩ በሆዱ ላይ ነው ወይስ በጀርባው፣ ነጠብጣብ ነው ወይስ ሽንትር፣ ራሱን የቻለ ስም አለው። ልጅ ገና በሕፃንነቱ የእኔ የሚለው የከብት መልክ ይሰጠዋል፤ ዕድሜውን ሙሉም በእርሱ ይታወቃል። ለሥርዓት የሚታረደው ከብት እንዲሁ በዘፈቀደ አይመረጥም፤ ለዚህ ይህ መልክ፣ ለዚያ ያኛው መልክ ያስፈልጋል። ስለዚህ በመንጋው ውስጥ የመልክ ዓይነት እንዳይጠፋ ይጠነቀቃሉ። ይህ ኮርማ ከዚህች ላም ጋር ቢገናኝ ምን ዓይነት ጥጃ ሊወለድ እንደሚችልም የራሳቸው ዕውቀት አላቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። በአንድ ጥጃ ቆዳ ላይ የዘር ሐረግ አለ፤ የባለቤትነት ታሪክ አለ፤ ሥርዓተ አምልኮ አለ፤ የሰው ስም አለ፤ የቀለም ትምህርትም አለ። እኛ በአምስት ደብተር የምንጽፈውን ቦዲ በአንድ ከብት ላይ ጽፎታል። ጠጠር ሰብስቦ፣ ይህ በሬ ይህ ላም እያለ የሚጫወት የከብት አርቢ ልጅ፣ እየተጫወተ ያንን መዝገብ እያገላበጠ ነው።

ለመሆኑ እኛስ ከዚህ የተለየን ነን? ሰማያዊ ያልነው ከሰማይ ወስደን ነው። ቡናማ ከቡና፣ ዐመድማ ከዐመድ፣ ብርቱካናማ ከብርቱካን፣ ወይን ጠጅ ከብርሌው የመጣ ነው። ገበሬያችንም በሬዎቹን ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦቃ፣ ቡላ እያለ ሲጠራ ኖሯል። የዛሬ የአዲስ አበባ ልጅ ከእነዚህ ስሞች ስንቱን እንደሚያውቅ ቢጠየቅ፣ ማን ማንን እንደሚያርም ግራ ይገባል።

«ሞኝ ቢሆን እንዴት ይደረድራል?»

የቀለም ካርድ ወደ ደቡብ ኦሞ የሄደው እንዲሁ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን፣ ብሬንት በርሊንና ፖል ኬይ፣ የ98 ቋንቋዎችን የቀለም ስሞች አነጻጽረው አንድ መጽሐፍ አወጡ። የሰው ልጅ ሁሉ ለቀለም ስም የሚያወጣው በተወሰነ ቅደም ተከተል ነው፤ ቁልፍ የሆኑት ስሞችም ከ11 አይበልጡም አሉ። ዓለም ተከራከረ። የተርተንና የፉኩይ ጥናቶች የዚያ ክርክር አካል ናቸው። ከሰላማጎ የመጣው ምላሽ ባጭሩ ሲነገር፣ ቀለምን ከተሸከመው ነገር ነጥላችሁ አትጠይቁ የሚል ነበር።

እንዲህ ያለ ጥያቄና መልስ ከዚያ በፊትም ነበር። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ እ.ኤ.አ. በ1931 እና በ1932 ወደ ኡዝቤኪስታን ሄደው ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎችን ጠይቀው ነበር። መዶሻ፣ መጋዝ፣ መጥረቢያና ግንድ የተሳሉበትን ሥዕል አቅርበው የማይመሳሰለው የቱ ነው አሉ። የሚጠበቀው መልስ ግንዱ ነው፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች ናቸውና። ገበሬው ግን አራቱም አንድ ላይ ናቸው፤ ግንዱ ከሌለ መጋዙና መጥረቢያው ምን ሊሠሩ ነው ባይ ሆነ።

ሉሪያ ይህንን ትምህርት ያላገኘ አእምሮ ምልክት አድርገው አዩት። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በላይቤሪያ የሆነው ግን ነገሩን ገለበጠው። ማይክል ኮልና ባልደረቦቻቸው በክፔሌ ሕዝብ መካከል ሲያጠኑ፣ ልዩ ልዩ ዕቃና ምግብ አቅርበው የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው ጋር አድርጉ ይሉ ነበር። ክፔሌዎቹም ቢላዋውን ከሚቆረጠው ምግብ ጋር ያጣምራሉ። ለምን ሲባሉ፣ ብልህ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ይላሉ። በመጨረሻ ተመራማሪው «እሺ፣ ሞኝ ቢሆንስ እንዴት ይደረድራል?» ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ ጋር ቁጭ አደረጉለት። ተመራማሪው ሲፈልገው የነበረው ድርድር ይህ ነበር!

ይህ ታሪክ የሚያስቅ ቢሆንም ለመምህር ከባድ ትምህርት አለው። ሰዎቹ የፈተናውን አደራደር አላጡትም፤ ለኑሮ የማይጠቅም ሆኖ ስላዩት ለሞኝ ተዉት እንጂ። አንድ ሰው አንድን ነገር በሁለት መንገድ መደርደር ይችላል። የትኛው በየት እንደሚያስፈልግ ግን ሊነገረው ይገባል። ብዙ ተማሪ ፈተና የሚወድቀው ይህን የሚነግረው አጥቶ ይመስለኛል።

ክር እና መረብ

ነገሩ የገጠርና የከተማ፣ የተማረና ያልተማረ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1981 ሚሼሊን ቺና ሁለት ባልደረቦቿ በአሜሪካ የፊዚክስ ጥያቄዎችን በካርድ ጽፈው፣ ለጀማሪ ተማሪዎችና ለበሰሉ የፊዚክስ ሰዎች ሰጡ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጉ አሏቸው። ጀማሪዎቹ ተዳፋት ያለበትን ከተዳፋት፣ ሞላ ያለበትን ከሞላ ጋር አደረጉ። የበሰሉት ግን ሥዕሉን አልፈው ሄዱ። ጉልበት ከመልክ ወደ መልክ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም በሚለው ሕግ የሚፈቱትን ባንድ በኩል፣ በሌላ ሕግ የሚፈቱትን በሌላ በኩል አስቀመጡ። ልዩነታቸው በብዛት ማወቅ ላይ ብቻ አልነበረም፤ የሚያውቁትን በምን እንዳያያዙት ላይም ነበር።

እኔ ራሴ ይህንን የተማርኩት በኀፍረት ነው። ልጅ ሳለሁ ታሪክ እወድ ነበር። ነገሥታቱን ከነዘመናቸው እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ሰክቼ፣ ቴዎድሮስ፣ ዮሐንስ፣ ምኒልክ እያልኩ ሳልደናቀፍ እወርዳለሁ። አንድ ቀን አዲስ የመጡ መምህራችን «የስዊዝ ካናል ሲከፈት በኢትዮጵያ የነገሠው ማን ነበር?» አሉን። የስዊዝ ካናልን በጂኦግራፊ ተምረናል፤ ነገሥታቱን በታሪክ ተምረናል። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ። ዋናው ጎበዝ እኔም ጸጥ አልኩ።

መልሱ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ዋግሹም ጎበዜ። ካናሉ የተከፈተው በኅዳር 1862 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለ ኢጣሊያዊ ለአንድ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ለመግዛት ተዋዋለ። በጥር 1877 ኢጣሊያ ምጽዋን ያዘች። በጥር 1879 ዶጋሊ ሆነ። በየካቲት 1888 ዐድዋ። መምህራችን ይህንን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በመስመር እያገናኙ ሲያሳዩን፣ አንድም አዲስ ዓመተ ምሕረት የተማርን አልመሰለኝም፤ አብዛኛውን እናውቀው ነበርና። ክሩ ግን መረብ ሆነ። ከክር ላይ አንድ ዶቃ ቢወልቅ ሌላው ሁሉ ይበተናል፤ ከመረብ ላይ አንድ ቋጠሮ ቢፈታ ግን ሌላው ይይዘዋል። ከነገሥታቱ መካከል ተክለ ጊዮርጊስን ለመርሳት የቀለለን ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ። በክራችን ላይ ከምንም ጋር አልተያያዙም ነበር።

የየኔታ ጥበብ

የቀድሞ መምህራን ይህንን አያውቁም ነበር ማለት ግን ስሕተት ነው። የየኔታን ትምህርት ቤት የሸመደዳ ቤት ብቻ አድርጎ ማየት የዘመናችን ልማድ ሆኗል። እስቲ ገበታውን እንመልከት። ፊደል 33 በ7 ነው፤ ጠቅላላው 231። ወደ ታች ዘሩ፣ ወደ ጎን ድምፁ ይለወጣል። ይህ ራሱ ትልቅ የአደራደር ሥራ ነው። ሕፃኑ 231 ልዩ ልዩ ቅርጽ ለየብቻ አይማርም፤ ረድፉንና ዓምዱን ይዞ የቀረውን ይደርስበታል።

ይሁን እንጂ የኔታ አንድ ነገር ያውቃሉ። ሕፃን ሀ ሁ ሂን በዜማ ከያዘው፣ ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ አፉ ይወርዳል። ስለዚህ ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል ዘሩም ድምፁም በየእርምጃው ይለዋወጣል። የለመደው ዜማ አያድነውም፤ ፊደሉን ማየት አለበት። አንዱን ዕውቀት በሁለተኛ ቅደም ተከተል መጠየቅ ማለት ይህ ነው። የስዊዙ መምህራችን ያደረጉትም ከአቡጊዳ የተለየ አልነበረም። የነገሥታቱን ሀ ሁ በቃላችን ይዘን ስለነበር፣ አቡጊዳችንን ጠየቁን።

ታዲያ በሃናስ?

አሁን ወደ ተነሳንበት እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ብዙ ቋንቋዎችም ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል ገቡ። ለትንንሾቹ ሕዝቦች ግን መንገዱ ረጅም ነው፤ ከመጽሐፍ በፊት ፊደል፣ ከፊደል በፊት ጥናት ያስፈልጋልና። ተርተን፣ የቋንቋ ምሁሩ ሞገስ ይገዙና የሙርሲው ተወላጅ ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት የሙርሲኛ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት የዚያ ሥራ አንዱ ፍሬ ነው።

ቋንቋው ሲገባ ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። «የማይመሳሰለውን አውጣ» የሚለው ጥያቄ በአማርኛም ቢሆን በሙርሲኛም ቢሆን ያው ጥያቄ ነው። ቃሉ ተለውጦ አደራደሩ ካልታየ፣ የቦዲ ልጅ በገዛ ቋንቋው ሊወድቅ ይችላል። ከደጋ የመጣ ወጣት መምህር በቅን ልቡና ባለቀለም ካርድ ዘርግቶ ሲጠይቅ፣ እንዲህ ያለ ከብት የለም የሚል መልስ ቢያገኝ፣ እንግዲህ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ኤክስ» ነው። ሁለተኛው፣ «እንግዲያው ያለው ከብት የቱ ነው? ለምን ከዚያኛው ጋር አደረግኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደሚወስድ አስቡት። ቀይ የሆኑ ከብቶች፣ ነጠብጣብ ያላቸው ከብቶች፣ ቀይም ነጠብጣብም የሆኑ ከብቶች ሲባል፣ ልጁ የሒሳብን የስብስብ ትምህርት በበረቱ ጀመረው ማለት ነው። ከፍ ሲል ደግሞ የዘር ውርስ ትምህርት ይመጣል። ግሪጎር ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1866 በአተር ተክል ላይ ያገኘውን ያሳተመ መነኩሴ ነው። አተር ዘርቶ የማያውቅ፣ ስለ ጥጃ መልክ ግን ከአባቱ ጋር የሚከራከር ልጅ ትምህርቱን ከጥጃው ቢጀምር ምን ይጎድልበታል?

በዚህ ላይ ግን ራሳችንን እንዳናታልል። በረቱ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የቦዲ ዕውቀት ጥጃው ምን ሊመስል እንደሚችል ይነግራል፤ ሜንዴል ግን ትውልድ ከትውልድ እየቆጠረ የስንት ለስንት ሕግ አወጣ። ያንን ቆጠራ የሚሰጠው ትምህርት ቤት ነው። እንዲሁም ካርዱ ላይ ያለው ቀለም እውነተኛ ቀለም ነው፤ ከብት ባይኖረውም አለ። ልጁ ቀለምን ከከብት፣ ቁጥርን ከመንጋ ነጥሎ ማሰብ መቻል አለበት፤ ይህን የሚነፍገው ትምህርት ቤት በአክብሮት ስም ይበድለዋል። የምንለው፣ አዲሱ አደራደር የቀድሞውን አፍርሶ ሳይሆን ከጎኑ ይተከል፤ ልጁም ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያ ይኑረው ነው። የክፔሌው ሰው ሁለቱንም ያውቅ እንደነበር አንርሳ።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። ተርተንና ክላይቭ ራግልስ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ሙርሲዎች ጨረቃ እየቆጠሩ ወሩ ስንተኛ እንደሆነ ሁልጊዜ እንደሚከራከሩ፣ ክርክሩንም የሚያርሙት በኦሞ ሙላትና በደቡብ ሰማይ በሚታዩ ከዋክብት እንደሆነ ጽፈዋል። ወንዙ የቀን መቁጠሪያቸው ገጽ ነበር ማለት ነው። የጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውኃ መያዝ ከጀመረ በኋላ ያ የየዓመቱ ሙላት ቀርቷል። በጥር 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጂንካ ላይ ለአርብቶ አደሮች ባደረጉት ንግግር የስኳር ልማቱን አስታወቁ፤ ከዚያ ወዲህም ቦዲዎች ከብት ያሰማሩበት ከነበረው መሬት ከፊሉ ሸንኮራ ተተክሎበታል። ስለ ግድቡና ስለ ስኳሩ ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። እዚህ ላይ ልናነሳ የወደድነው አንድ ነገር ብቻ ነው። መንጋ ሲቀንስ የሚቀንሰው ወተትና ሥጋ ብቻ አይደለም። ቀለም የሚጠራበት፣ ዘር የሚቆጠርበት፣ ሰው የሚሰየምበት መዝገብ ገጽ በገጽ ይቀደዳል። ወንዙ በጊዜው ሳይሞላ ሲቀር፣ ወሩ ስንተኛ ነው ብሎ የሚከራከር ሽማግሌ ዳኛውን ያጣል።

እንግዲህ በሃና ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው የዛሬ ልጅ፣ የአባቱን አደራደር ሳይጨርስ የመንግሥትን አደራደር የሚጀምር ልጅ ነው። የመጀመሪያው እየሳሳ፣ ሁለተኛው ሳይጸና በመካከል ከቀረ፣ ሁለት ጊዜ መሃይም ይሆናል። መምህሩ ሁለቱን ካገናኘለት ደግሞ ከእኔና ከክፍል ጓደኞቼ የተሻለ መረብ ይኖረዋል።

ለዚህ ትልቅ በጀት ከመጠየቃችን በፊት ቀላል ነገር አለ። ተማሪ ተሳሳተ ብለን ብዕር ከማንሳታችን በፊት «ለምን እንዲህ አልክ?» ብለን እንጠይቅ። የተለያዩ ነገሮች ሰጥተን እንዲደረድር እናድርግ፤ ከዚያም በሌላ መንገድ ደግሞ ደርድር እንበለው። ያኛውን የሰው ሀ ሁ ነው ብለን ከተቀበልን በኋላ አቡጊዳውን እንጠይቅ። በጂንካም ቢሆን በደብረ ማርቆስም ቢሆን በአዲስ አበባም ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

ያ ሙርሲ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» ሲል እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ከብት የለም። ተርተን ያንን ካርድ ጥለው መልሱን ጽፈው ባይዙ ኖሮ፣ ስለ ሙርሲ የምናውቀው አንድ ነገር ይቀርብን ነበር። በየክፍላችን በየቀኑ ስንት እንዲህ ያለ መልስ በቀይ እስክሪብቶ እንደሚሰረዝ ግን የጻፈልን የለም።